የስካውት ሸሚዝ ብብቱ ላይ ለምን ይቀደዳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። የ12 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ስካውት ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አምና ሸሚዟን እዚሁ ሰፈር አሰፋሁላት። ልክክ ብሎላት ስለነበር ደስ አላት። ችግኝ ሊተክሉ ወጥተው ሲመለሱ ግን ቀኝ ብብቱ ተተርትሮ መጣች። አስጠገንኩት፣ ደግሞ ተቀደደ። ላቡም አስቸገረን፤ ሸሚዙ ገላዋ ላይ ይጣበቃል። ዘንድሮ ሰፋ አድርጌ ላሰፋላት ስል «እማዬ፣ ጆንያ አታልብሽኝ» ብላ አለቀሰችብኝ። እሷም እንድታምርበት፣ እኔም በዓመት ሁለቴ እንዳላሰፋ ምን ላድርግ? ምን ዓይነት ጨርቅስ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ልጅሽም እውነቷን ነው፣ አንቺም እውነትሽን ነው። አንድ ሸሚዝ ሊያምርም፣ ሊሠራበትም ይችላል። ችግሩ ያለው ቅዱ ላይ፣ ማለትም የጨርቁ አቆራረጥ ላይ ነው።

ይህን የማውቀው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ደሴ ውስጥ የስፌት መኪና ላይ ከተቀመጥኩ 31 ዓመቴ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት ስካውቶች 24 ሸሚዝ ሰፋሁ። ኮሌታው ቀጥ ያለ፣ ኪሱ እኩል፣ ወገቡ ገባ ያለ። ሰልፍ ላይ ሳያቸው ደስ አለኝ። በሳምንቱ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው አድረው ሲመለሱ ዘጠኙ ሸሚዝ ተመልሶ መጣ። ሁሉም የተቀደደው አንድ ቦታ ነው፤ ከብብት ወደ ጀርባ። አንዱን ልጅ ያልተቀደደ አልብሼ «እስቲ የድንኳን ገመድ እንደምትስብ እጅህን አንሳ» አልኩት። ሸሚዙ ከሱሪው ተመዞ ወጥቶ እምብርቱ ታየ። ያኔ ገባኝ። ልጆቹን የለካኋቸው እጃቸውን ወደ ታች አድርገው፣ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ስካውት ደግሞ ቆሞ አይውልም። እንጨት ይሸከማል፣ ገመድ ይስባል፣ የጦሳን ተራራ ይወጣል። ዘጠኙንም ፈትቼ በነፃ እንደገና ሰፋሁ።

ብዙ ሰው፣ ሰፊውም ጭምር፣ ብብቱ እንዳይቀደድ ብሎ የእጅጌውን መግቢያ ወደ ታች ያወርደዋል። ይሄ ነው ጥፋቱ። መግቢያው በወረደ ቁጥር ክንድ ሲነሳ የሸሚዙን ጎን ይዞት ይነሳል። ስፌቱም ይወጠርና ይተረተራል። ስለዚህ ለሰፊሽ እንዲህ በይው፦ መግቢያው ወደ ብብቷ ይጠጋ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ብቻ ይተው። የእጅጌው ወርድ ግን ክንዷ ላይ ሰፋ ይበል። ከትከሻው ድርብ ጨርቅ ሥር፣ ጀርባዋ ላይ፣ በግራና በቀኝ አንድ አንድ እጥፋት ይያዝላት። እያንዳንዱ እጥፋት 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይበቃዋል። ስትቆም እጥፋቱ ይከደናል፣ ሸሚዙ ልክክ ብሎ ይታያል። ስታጎነብስ ይከፈትላታል። ጆንያ የሚመስለው ትከሻው ከትከሻዋ አልፎ ሲወድቅ ነው። ትከሻው ልኳ ላይ ካረፈ፣ ደረቱ ትንሽ ቢሰፋም ያምርባታል።

ርዝመቱን እጇን ሽቅብ አንስታ ይለካት። እንደዚያም ሆና ጫፉ ከቀበቶዋ በታች መቅረት አለበት።

አሁን ጨርቁ። መጀመሪያ ቀለሙን ከቡድን መሪዋ ጠይቂ። የስካውት ሸሚዝ ቀለም እንደየአገሩ ማኅበር ይለያያል፣ ገዝተሽ ከመጣሽ በኋላ «ይሄ አይደለም» እንዳትባይ። ከዚያ ጥጥ የሚበዛበት ፈልጊ። ገላዋ ላይ ተጣበቀ ያልሽኝ ቴትሮን ይመስለኛል። ቴትሮን ብዙ ጊዜ 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ ነው። አይጨማደድም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ቀለሙም ይቆያል። ለሰልፍ ጥሩ ነው። ላብ ግን እንደ ጥጥ አይመጥም። ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀቷን ታውቂዋለሽ፤ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚገባ ሰው ጃኬቱን እዚያው ያወልቃል።

ሌላው እሳት ነው። ስካውት ማታ እሳት ዙሪያ ይቀመጣል። ፍንጣሪ ሲያርፍበት ጥጥ ይበሳል፤ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ለእኔ ከውበቱም ከዋጋውም በፊት የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ካለሽ ከጫፉ ሦስት አራት ክር መዘሽ ቤትሽ ውሰጂ። ውሃ ያለበት ሳፋ ላይ ሆነሽ በመቆንጠጫ ያዢውና ክብሪት ለኩሽበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ አመዱ በጣት ሲነኩት ይበናል። ፖሊስተር ካለበት ይኮማተራል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጫፉ ላይ ጠጠር የመሰለ ጉብታ ይቀራል። ቅልቅል ከሆነ ሁለቱንም ታያለሽ።

ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 1 ሜትር ተኩል ይበቃታል። ጥጥ ይገባል፣ ማለትም ያጥራል። ስለዚህ ሳይቆረጥ በሙቅ ውሃ እጠቢውና አድርቀሽ ለሰፊው ስጪ። ይህን ዘለው ነው ብዙ እናቶች ሰፊ የሚረግሙት።

በዓመት ሁለቴ እንዳታሰፊ ትርፍ ጨርቅ ውስጡ ይቅር። ጎንና ጎኑ ላይ 3፣ ታች ቅምቅማቱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ታጥፎ ይሰፋ። ስታድግ ተርትሮ መልቀቅ ነው። እጅጌውን ረጅም አድርጊው። ለሙቀት የሚጠቀለልበት፣ ክንድ ላይ በቁልፍ የሚያዝ ቁራጭ ይሰፋለት። ደሴ መጥታ ካደረች ማታ ትዘረጋዋለች።

አርማዎቹን በመኪና አታሰፊ። አንድ ልጅ አርማው ከነኪሱ ተሰፍቶበት ኪሱ አልከፈት ብሎት መጣ፤ ውስጡ እርሳስ ቀርቷል፣ በጣት ይዳሰሳል። ስፈታው ጨርቁ በመርፌ ቀዳዳ ወንፊት ሆኖ ነበር። በእጅ፣ በቀጭን መርፌ፣ ጠጋ ጠጋ አድርገሽ ስፊው። ሸሚዝ ሲቀየር አርማው በሰላም ይነሳል።

ስካርፉን አትግዢ። 70 በ70 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ በሰያፍ ሲቆረጥ ሁለት ስካርፍ ይወጣዋል፤ አንዱን ለጓደኛዋ ስጪላት። ረጅሙ ጎን ወደ 1 ሜትር ይመጣል። ለጌጥ ብለሽ ግን አታሳጥሪው፤ ክንዷ የተጎዳ ልጅ ቢያጋጥማቸው አንገት ላይ አስሮ ክንድ የሚያንጠለጥለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ 15 ዓመቴ ነው። ከዘመድ ያገለገለ የስካውት ሸሚዝ ተሰጠኝ። ቀለሙ ከጓደኞቼ ትንሽ የነጣ ነው። ሰልፍ ላይ ያሳፍራል?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አያሳፍርም። የስካውት መሥራች ቤደን ፓውል ዩኒፎርሙን የፈለገው የሀብታሙና የድሃው ልጅ ልዩነት እንዲሸፈን ነው። የነጣው ታጥቦ ታጥቦ ስለሆነ ጨርቁ ለስልሷል፣ ከእንግዲህም ብዙ አይገባም። ኮሌታው ከተበላ ሰፊ ጋ ውሰድና ተፈትቶ ይገልበጥልህ፤ ያልተበላው ፊት ወደ ላይ ይወጣል። ቁልፎቹን በሙሉ በአንድ ዓይነት ቀይር። ከዚያ በደንብ ተኩሰህ ልበሰው፣ ጫፉንም ሱሪህ ውስጥ አስገባ።