ኖ እና ካቡኪ የማን ነበሩ?

«ድሮ በጃፓን የኖ ቲያትር የሳሙራይ (የጦረኛው መደብ)፣ ካቡኪ ደግሞ የከተሜው ነጋዴ ነበር የሚባለው እውነት ነው?» ብለህ ለጠየቅከው፦ በሕጉ አዎ። በኑሮው ግን ሌላ ነው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኖ ራሱ ከላይ የመጣ ጥበብ አይደለም። ታላቁ የኖ ተዋናይና ደራሲ ዘአሚ የተዋናይ ልጅ ነው፤ ያኔ ደግሞ ተዋናይ የተናቀ ነበር። ሾገኑ (የጃፓን ወታደራዊ ገዥ) አሺካጋ ዮሺሚትሱ ልጁን ዘአሚን ወዶ አጠገቡ ሲያስቀምጠው፣ ከመኳንንቱ አንዱ በ1378 በዕለት ማስታወሻው ትወናውን የለማኝ ሥራ ነው ብሎ አንቋሸሸው። በቶኩጋዋ ሾገኖች ዘመን (1603–1868) ያው «የለማኝ ሥራ» የሾገኑ ይፋዊ ሥነ ሥርዓት ሆነ!

የካቡኪ ተዋንያን «የወንዝ ዳር ሰዎች» እየተባሉ ይናቁ ነበር። ሥዕላቸው ግን እንደ ጉድ ይሸጣል፤ አለባበሳቸውን ከተማው ሁሉ ይቀዳል። ሳሙራዩም ፊቱን በባርኔጣ ከልሎ ይገባ ነበር። በ1714 ኤጂማ የተባለች የሾገኑ ቤተ መንግሥት ትልቅ ወይዘሮ ተዋናዩን ኢኩሺማን ለማየት ቲያትር ቤት ሄዳ ጉድ ፈላ። ሁለቱም ተጋዙ፤ ቲያትር ቤቱም እስከ ወዲያኛው ተዘጋ። በ1842 ደግሞ ታዋቂው የካቡኪ ተዋናይ ሰባተኛው ዳንጁሮ ከማዕረጉ በላይ ተቀማጥሏል ተብሎ ከኤዶ (ከዛሬዋ ቶኪዮ) ተባረረ። ለእኔ ይሄ የሚያሳየው ገንዘቡና ዝናው ከሕጉ ቀድሞ መሄዱን ነው።