ፍቅርና ምትሃት በሮሃና በአምባው፦ የጸሐፍት ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከወሎ የተላኩ ናቸው። ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ነው፤ በጥንት ዘመን የተቀመጠ፣ ምትሃት የገባበት የፍቅር ልቦለድ መጻፍና ለዚያ ብሎ ጥንታዊ ቦታዎችን መጎብኘት። የሚመሳሰሉትን አጣምረን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን አቅርበናል።

ላሊበላ (በጥንቱ ስሟ ሮሃ) ሦስት ቀን ልቆይ አስቤአለሁ። ልቦለዴ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን በአንድ ድንጋይ ጠራቢና በአንዲት የመሳፍንት ልጅ መካከል ስለተጀመረ ፍቅር ነው። ጠራቢው ድንጋይ ሲናገር ይሰማል። ባለፈው ስሄድ ስልክ ሙሉ ፎቶ ይዤ ተመለስኩ፤ ለድርሰቱ ግን አንድ መስመር አልወጣኝም። ምን ልይ? ምን ልመዝግብ? (ከደሴ)

ፎቶ መልክ ይይዛል። የፍቅር ልቦለድ የሚቆመው ግን በክልከላ ነው። ማን በየትኛው በር ይገባል? ማን ማንን ከየት ያያል? ምን ከተደረገ በኋላ አይመለስም? ጥንታዊ ቦታ ለደራሲ የሚሰጠው የእነዚህን መልስ ነው፤ ውበቱንማ አንባቢው በፖስታ ካርድም አይቶታል። ሦስቱን ጥያቄዎች የደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉና ይሂዱ።

ከቤተ ጊዮርጊስ ይጀምሩ። በሜዳው ሲመጡ አይታይም። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ነው አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጸው የጣሪያ መስቀል ከእግርዎ በታች የሚገለጠው። ጥልቀቱ 12 ሜትር ገደማ ነው። ከላይ የቆመ ሰው ከታች ያለውን በፊቱ ይለየዋል፤ ሊነካው ከፈለገ ግን በተጠረበው መተላለፊያ ዞሮ መውረድ አለበት። ያን መውረጃ በእርምጃ ይቁጠሩት፣ በሰዓትም ይለኩት። ልጅቷ ከላይ፣ ጠራቢው ከታች ቢሆኑ እሷ እስክትወርድ ድረስ ባለው ጊዜ ስንት ነገር ሊበላሽ ይችላል? አለቃው ሊጠራው፣ ሌላ ሰው ቀድሟት ሊደርስ፣ ወይም እሷው ሐሳቧን ልትቀይር ትችላለች። ምዕራፉ ከዚያ ይወጣል።

ቀጥሎ አሠራሩን ያስተውሉ። ሌላው ሕንጻ ከመሠረት ወደ ላይ ሲወጣ እዚህ ከጣሪያ ወደ ታች ነው የተወረደው። መጀመሪያ በዙሪያው ጥልቅ ቦይ ይቆፈራል፤ መካከል ላይ ግዙፍ አለት ብቻውን ይቀራል፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ይጠረባል። ከሚገባው በላይ የተነሳ ድንጋይ ተመልሶ አይለጠፍም። የጠራቢዎ ምትሃት ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ስንጥቅን ከሁሉም ቀድሞ ይሰማል እንበል። ከተናገረ ሥራው ይቆማል፣ «ከማን ሰማህ?» ተብሎም ይጠየቃል፤ ዝም ካለ ደግሞ ዓምዱ ሥር የሚሠራው ጓደኛው ያልቃል። ድንጋዩ የፍቅር ግጥም ከሚነግረው ይልቅ ይህን ቢነግረው ይሻላል።

11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን አይሩጡባቸው። ሁለት ይምረጡና እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ይሂዱበት፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በጸሎት ጊዜ፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ ማታ 12 ሰዓት ሊሞላ ሲል። በእያንዳንዱ ጊዜ 20 ደቂቃ ይቀመጡ፤ የመጀመሪያዎቹን 10 ዓይንዎን ጨፍነው። ድምፅ፣ ሽታ፣ ቅዝቃዜ በዚያ ሰዓት ነው የሚገባው። ጫማ ስላወለቁ እግርዎ የሚነግርዎትን ይጻፉ። ብርሃኑ በየትኛው መስኮት ገብቶ የት ላይ እንደሚያርፍ ይመዝግቡ። በቤተ ገብርኤልና ሩፋኤል በኩል ባለው ጨለማ መተላለፊያ የስልክ መብራት አጥፍተው፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ ይለፉ። ልኬቱን በሜትር ሳይሆን በስንዝርና በክንድ ይውሰዱ፤ ገጸ ባሕርያትዎ ሜትር አያውቁም። ሥዕል ላይ ፍላሽ አይተኩሱ፤ ከመቅረጽዎ በፊትም ካህኑን ያስፈቅዱ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የዛሬው መልክ ነው። በእግር ብዛት የጎደጎደ የበር ደፍ ዓይን ይስባል፤ በንጉሡ ዘመን ግን ያ ጉድጓድ የለም፤ አዲስ የተጠረበ ድንጋይ ጠርዙ ሹል ነው፣ ብናኙ ሳንባ ይገባል። ከአንዳንዶቹ በላይ የተዘረጋው የብረት መጠለያም፣ በዙሪያው ያለው ባሕር ዛፍም ከዘመንዎ ውጭ ናቸው። ደብተርዎን ለሁለት ይክፈሉት፤ በቀኝ ያዩትን፣ በግራ «ያኔ ምን ነበር?» የሚለውን ይጻፉ።

ሦስተኛውን ቀን ለይምርሐነ ክርስቶስ ይስጡት። በዋሻ ውስጥ፣ ከቅዱስ ላሊበላ በፊት፣ እንጨትና ነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው፤ ጠራቢዎ የተማረበት ያለፈው ትውልድ ጥበብ ምን እንደሚመስል ያሳይዎታል። ጊዜ ከተረፈ ነአኩቶ ለአብ ይሂዱ። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል። በጠብታ የሚቆጠር ቀጠሮ ለምትሃት ታሪክ ከሰዓት ይበልጣል።

ማታ ሳይተኙ ከማስታወሻው አንድ ገጽ ትረካ ያውጡ። ካሰፈሩት 20 ዝርዝር 3 ብቻ ይግባ፤ ያውም ገጸ ባሕርይዋ በዚያች ሰዓት ልታየው የምትችለው። ሁሉን ልክተት ካሉ ልጅቷ የአስጎብኚ ንግግር ማድረግ ትጀምራለች። በመኪና ከሄዱ ከጋሸና ወደ ሰሜን 64 ኪ.ሜ. ነው፤ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሹፌሮች ያጣሩ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ልቦለዴ ውስጥ ሮሃ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ ልጅ አለች። ጓደኛዬ «በርበሬ ያኔ አልነበረም» አለኝ። ፋንታሲ ነው እኮ! ዘንዶ ከኖረ በርበሬ ቢኖር ምን ችግር አለው? (ከወልድያ)

ጓደኛህ ልክ ነው። ዘንዶውን የተቀበለ አንባቢ በርበሬው ላይ ይይዝሃል፤ ዘንዶው የምናብህ ስምምነት ነው፣ በርበሬው ግን ያለማወቅህ ምልክት ይሆናል። በርበሬና ቃሪያ፣ በቆሎና ድንች ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው፤ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት በአገራችን ሊኖሩ አይችሉም። ልጅቷ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ ወይም ሰናፍጭ ትሽጥ። እንዲያውም ቁንዶ በርበሬ ከባሕር ማዶ በነጋዴ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለሆነ ከሩቅ አገር ሰው ጋር የምትገናኝበትን ምክንያት ይሰጥሃል።

በዚያው ልክ ጠገራ ብር ካስገባህ እሱንም አውጣ፤ እሱ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። በአሞሌ ወይም በእህል ትገበያይ። ክብሪትና ኩራዝ የሉም፤ እሳት በአመድ ተዳፍኖ ያድራል፣ ከጠፋ ከጎረቤት ይጫራል። (ከጎረቤት እሳት ለመጫር የሚወጣ ሰው ለፍቅር ታሪክ ምን ያህል እንደሚመች ልብ በል።) ልብስ በእንዶድ ይታጠባል። በክርስቲያኑ ደጋ ቡና አፍልቶ መጣጣትም በሰፊው የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው፤ ጠላና ጠጅ ይበቃሃል። ወረቀት የለም፤ ብራና ውድ ነው፣ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ነው። ስለዚህ የፍቅር ደብዳቤ ስትጽፍ ማን እንዳነበበላት አስብ፤ አንባቢው ደብተራ ምሥጢሩን ሁሉ ያውቃል ማለት ነው።

ርቀትም አትርሳ። በተራራ መንገድ በቅሎ በቀን ከ25 እስከ 30 ኪ.ሜ. ብትሄድ ጥሩ ነው። ከሮሃ እስከ ሐይቅ በትንሹ አንድ ሳምንት ያዝ እንጂ በማግስቱ አታድርሳት።

ታሪኬ ግሸን አምባ ላይ ስለታሰረ ልዑል ነው። ከታች ያለች የማር ቆራጭ ልጅ ትወደዋለች። ምትሃት ሰጥቼ ላብርረው ወይስ እሷ ትውጣ? (ከውጫሌ)

ካበረሩት ታሪኩ በሦስተኛው ገጽ ያልቃል። አምባው ራሱ ነው ልቦለዱ። የነገሥታቱ ወንድ ዘሮች ዙፋን እንዳይሻሙ እዚያ እየተጠበቁ ይኖሩ ነበር፤ ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ልከው አንዱን ያወርዱታል። አፄ ናዖድ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዚያ ወርደው ነው የነገሡ። ሥርዓቱ እዚያ ያበቃው የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን በያዘበት በ1532 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ይህ ለፍቅር ታሪክ የተሳለ ቢላዋ ነው፤ ልጁ ከአምባው የሚወርደው አንድም ሞቶ፣ አንድም ነግሦ ነውና። ከነገሠ ደግሞ ማር ቆራጯን ሊያገባ አይችልም። እንዲወርድ እየተመኘች መውረዱን ትፈራለች። ከዚህ የበለጠ ግጭት ከየትም አያመጡም፤ ምትሃቱም ይህን ቋጠሮ ማጥበቅ እንጂ መፍታት የለበትም።

መገናኛቸውስ? በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ከአምባው ደብዳቤ ይዞ የወጣ መነኩሴና ጠባቂዎቹ በንጉሡ ሰፈር ሲገረፉ ማየቱን ጽፏል። እንግዲህ መልእክት ይወጣ ነበር፣ ቅጣቱም ይህ ነበር። ከልጅቷ ሙያ ተነሥተው ምትሃቱን ትንሽና ውስን ያድርጉት፤ ለምሳሌ ንቦቿ ገደሉን ወጥተው ይመለሱ፣ ነገር ግን አንድ ቃል ብቻ ይሸከሙ፣ ክረምት ሲገባም አይብረሩ። ዋጋና ወሰን የሌለው ምትሃት ሴራውን ይበላዋል።

ቦታውን ለማየት መስከረም 21ን ብቻ አይጠብቁ። በበዓሉ ሕዝቡን ያያሉ፤ የአምባውን ብቸኝነት ግን የሚያዩት በአዘቦት ቀን ነው። ከሥር እስከ በሩ በእግር ይውጡ፣ ትንፋሽዎ የት ላይ እንደተቆረጠ ይጻፉ፣ ከጫፉ ሆነው ከታች የሚታየውን የመጨረሻ ጎጆ ይፈልጉ። ሰው ከዚያ ርቀት እጁን ሲያወዛውዝ ይታያል ወይስ አይታይም? ጓደኛ አቁመው ይሞክሩት፤ ትዕይንቱ በሙሉ በዚህ መልስ ላይ ይቆማል።

ቅዱስ ላሊበላን ራሱን የፍቅር ታሪኩ ባለቤት ባደርገው ነውር ነው? (ከኮምቦልቻ)

አይመከርም። በስሙ የሚጸለይበት ቅዱስ ነው፤ አንባቢዎ ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ይከፋል። ከእምነቱ ባሻገር የሙያ ችግርም አለ፦ ልደቱን ንቦች እንደከበቡት፣ መርዝ እንደጠጣ፣ ወደ ሰማይ እንደተነጠቀ ገድሉ ይናገራል። ቤተ አባ ሊባኖስንም ንግሥት መስቀል ክብራ በመላእክት እርዳታ በአንድ ሌሊት እንዳነጸችው ትውፊቱ ይተርካል። ፍጻሜው የታወቀ ሰው ደግሞ የሚመርጠው ነገር ስለማይኖረው ልብ አያንጠለጥልም።

ሁለት ደረጃ ዝቅ ይበሉ። መሮ የሚስለውን ቀጥቃጭ ያስቡ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያስጠረበው ብረት የእሱ ነው፣ ሰው ግን «ቡዳ» እያለ ከማዕዱ ያርቀዋል። የጠራቢ ልጅ ብትወደው ጠላቱ ሰፈሩ በሙሉ ነው። ምትሃቱ ግን ሐሜቱን እውነት እንዳያደርገው ይጠንቀቁ፤ በዚህ ስም ዛሬም የሚጎዱ ሰዎች አሉ።

ስም ልለውጥ ካሉ ሁሉንም ይለውጡ፤ ንጉሡን፣ ከተማውን፣ በላሊበላ ያለውን የዮርዳኖስን ወንዝ። ግማሹን ትቶ ግማሹን መለወጥ አንባቢን ግራ ያጋባል።

በየታሪካዊ ፋንታሲው ቤተ ክርስቲያንና ካህን ብቻ ነው የማየው። የእኛን የሙስሊሞቹን ወሎ ከየት ልጀምር? (ከባቲ)

ከገበያሽ ጀምሪ። የባቲ ሰኞ ገበያ አፋሩን ከቆላ፣ አማራውንና ኦሮሞውን ከደጋ ያገናኛል። ፍቅረኞቹ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚተያዩ ከሆነ ሰኞ የልቦለድሽ ሰዓት ይሆናል፤ አንድ ሰኞ ከቀረ አንባቢው ራሱ ይጨነቃል። ከፍታውን ተጠቀሚበት፦ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ከቆላ ተነሥታ ደሴ የምትደርስ ልጅ በምን ትሸፈን?

ወዳጃውን (በጋራ ተቀምጦ ዱዓ የሚደረግበትን ሥርዓት) ቁጭ ብለሽ አስተውዪ፤ ዱዓው በየትኛው ቅጽበት እንደሚነሳ፣ ድቤው መቼ እንደሚፈጥን፣ መንዙማውን ማን እንደሚቀበል ጻፊ። የወሊዮች መዘየሪያ የሆኑትን ጀማ ንጉሥን፣ ጌታን፣ ዳናን ለመዘየር ከሄድሽ ሥርዓቱን ከካዲሞቹ (ከቦታው አገልጋዮች) ጠይቂ። የወሊዮቹን ስም ግን ለፈጠራ አትውሰጂ፤ ለቅዱሳኑ ያልነው ለእነሱም ይሠራል። አድባርና ቆሌ ከሁለቱም ወገን አፍ የማይጠፉ ስለሆኑ ለምትሃትሽ ሰፊ መሬት ናቸው።

አንድ ልመና፦ የሙስሊምና የክርስቲያን ፍቅርን የግድ በሞት አትጨርሺው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ስም የሚጠራበት ወሎ እያለ ያ መጨረሻ የሰነፍ ነው። ይልቅ ማዕዱ ላይ የማን እርድ እንደሚቀርብ ጻፊ፤ እውነተኛው ጭንቀት እዚያ ነው።

ሴት ነኝ፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አያስገባኝም። የማላየውን እንዴት ልጻፍ? (ከመርሳ)

ታሪኩን ከሐይቁ ዳር ያቁሙት። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያደራጁት ገዳም ነው፤ ለዘመናት ለሴት የተዘጋ በር ስለሆነ ባለታሪክዎም አትገባም፣ እርስዎ የቆሙበት ቦታ የእሷ ነው። ደወሉ በውኃው ላይ እንዴት እንደሚደርስ፣ ጭጋጉ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ይመዝግቡ። የአካባቢው አፈ ታሪክም ይጠቅምዎታል፦ አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልት ስለተበደለች እግዚአብሔር ተቆጥቶ ምድሩን ውኃ አደረገው፣ የቀረው እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ነው ይባላል። ያ የቀረው መሬት በኋላ ገዳሙ ሆነ። ለሴት የተረፈው መሬት ለሴት ተዘጋ ማለት ነው፤ ልቦለድዎን ከዚህ ይጀምሩ።

መቅደላስ? (ከወረኢሉ)

ለምትሃት አይመችም። የሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነገር፣ የአፄ ቴዎድሮስ ፍጻሜ፣ በምስክሮች በየሰዓቱ ተጽፏል፤ ምናብ የሚገባበት ክፍተት ጠባብ ነው። ከመረጡት መድፉን ሴባስቶፖልን ወደ አምባው ከጎተቱት ሺዎች አንዱን ይያዙ፤ የእነሱን ስም የጻፈ የለም።