«ገብርኤል በሰይፉ ይቆርጥሃል» ብዬ ልጄን አስፈራራሁት

ጥያቄ፦

መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ባለቤቴ ስለት ነበረባትና ታኅሣሥ 18 ጠዋት ከእህቷ ጋር ቁልቢ ሄደች። አዳሯ እዚያው ነው። እኔ ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ቀረሁ። ወንዱ 5 ዓመቱ ነው፤ ሴቷ ገና 2 አልሞላትም። እውነቱን ለመናገር ብቻዬን ሆኜ አሳድሬያቸው አላውቅም።

ቀኑ በሰላም አለፈ። ሲመሽ ግን ቤቱ ተተራመሰ። ሽሮውን ጥጄ የትንሿን ዳይፐር ልቀይር ስሄድ አረረ። ድስቱን ስፈትግ ትልቁ የዘይቱን ጠርሙስ ሳሎን ላይ ደፋው። በዚህ ላይ መብራት ጠፋ። እሷ ጡት ፈልጋ ታለቅሳለች፤ እሱ «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ይነተርከኛል። የማበላቸው ሳጣ እንቁላል ጠበስኩላቸው። ጾመ ነቢያት መሆኑን አውቃለሁ። ከሳህኑ የተረፈውንም ሳላስበው እኔው ጎረስኩት። ጎረቤታችን፣ ሙስሊም እናት ናቸው፣ ጩኸቱን ሰምተው ገቡና «አቦ አንተ ልጅ፣ ወዲህ በላት!» ብለው ትንሿን አዝለው አስተኙልኝ።

ትልቁ ግን አልተኛም አለ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና «አሁን ዝም ካላልክ ገብርኤል በሰይፉ ይቆርጥሃል!» ብዬ ጮህኩበት። ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ፣ «እማዬ ወደ እሱ አይደል የሄደችው? እሷንም ይቆርጣታል?» አለኝ። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ጸሎት ሳላደርስ እንቅልፍ ጣለኝ። ሌሊት ስነሳ ሹራቡን ግድግዳው ላይ ባለው የመልአኩ ሥዕል ላይ አንጠልጥሎት አገኘሁ።

መምህር፣ ልጆቹን ጾም አስፈታኋቸው? ባለቤቴ በረከት ልታመጣ ሄዳ እኔ ቤቱን አረከስኩት? ስለቷንስ አበላሸሁባት?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ የሹራቡ ነገር ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ።

ከቀላሉ ልጀምር። ልጆችህን ጾም አላስፈታህም፤ የጾም ግዴታ ገና አልጀመረባቸውምና። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ልጅ ጾም የሚጀምረው ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ቤተሰቡ ሲጾም እያየ ይለማመዳል እንጂ አይገደድም። ስለዚህ ስለ እንቁላሉ አትጨነቅ። የሚቀጥለው ጊዜ ግን ድንች ቀቅል፤ ከሽሮ ይልቅ እሱ ቶሎ አያርርም።

ያንተ ጉርሻ ሌላ ነው። አንተ ጿሚ ነህ። ሳታስበው ማድረግህ ነገሩን ያቀለዋል እንጂ እንዳልነበረ አያደርገውም። ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ የሚሉህን እሳቸው ያውቃሉ፣ ከዚህ ሆኜ ቀኖና አልሰጥህም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ «አንዴ ፈርሷል» ብለህ ቀሪውን ጾም እንዳትተወው። ብዙ ሰው የሚወድቀው በመጀመሪያዋ ጉርሻ ሳይሆን በዚህች ቃል ነው።

ስለቱም አልተበላሸም። የተሳለችው እሷ ናት፤ አድርሳለች። ሁለት ልጅ ይዘህ ቤት ባትቀርላት ኖሮ ደግሞ መሄድም ባልቻለች ነበር። በዚህ ስለት ውስጥ አንተም እጅህ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ስለ እንቁላሉ ጠይቀኸኛል፤ ስለ ቤቱ መርከስ ጠይቀኸኛል፤ ስለ ልጅህ ፍርሃት ግን አልጠየቅኸኝም። ጽፈኸዋል፤ ጥያቄ ግን አላደረግኸውም። እኔ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

በኛ አገር ልጅ ማስፈራሪያ አይጠፋም። በሐረርጌ ደግሞ ጅቡ ቅርብ ነው፤ «ጅብ መጣልህ» ማለት ይበቃል። እኔም በጅብ ነው ያደግሁት። ጅብ ግን ጅብ ነው። ልጁ አድጎ ይስቅበታል። መልአኩን የጅቡ ቦታ ላይ ስናስቀምጠው ግን ልጁ ሲያድግ በምን ይስቅ? ወይ መልአኩን እንደ ጅቡ ተረት ነው ብሎ ይተወዋል፤ ወይ ዕድሜ ልኩን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ሆዱን ይጨንቀዋል። ሁለቱንም ዓይነት ሰው አውቃለሁ። ካህኑን፣ መስቀሉን፣ ጠበሉን ማስፈራሪያ የምናደርግ ሁሉ እዚህ ላይ ቆም ብንል ጥሩ ነው።

ደግሞስ የትኛውን መልአክ ነው ማስፈራሪያ ያደረግኸው? ሰይፍ ይዞ በሥዕል የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ቅዱስ ሚካኤል ነው፤ ይህን በቅንፍ ያዘው። የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 1 ክፈት። ቅዱስ ገብርኤል ዘካርያስን «አትፍራ» አለው። እመቤታችንን «አትፍሪ» አላት። ለሁለቱም ሲገለጥ ፍርሃትን ነው ያስወጣው፤ አንተ ደግሞ በስሙ ፍርሃት አስገባህ። እዚያው ቁጥር 17 ላይ ደግሞ ይህ መልአክ ለዘካርያስ ስለሚወለደው ልጅ ሲነግረው «የአባቶችንም ልብ ወደ ልጆች ይመልስ ዘንድ» ይላል። ይህን ቃል የተናገረው ያንተ ቤት ግድግዳ ላይ ሹራብ የለበሰው መልአክ ነው።

የታኅሣሥ 19 በዓልስ ምንድን ነው? ሦስቱ ወጣቶች፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል፣ እቶን እሳት ውስጥ ተጥለው መልአኩ ነበልባሉን እንደ ቀዝቃዛ ነፋስ ያደረገበት ቀን ነው። ባለቤትህ የሄደችው እሳት ወደሚያበርድ መልአክ ነው። ልጅህም ማወቅ ያለበት ይህን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እንዲህ አድርግ። ልጁን ጭንህ ላይ አስቀምጠው። «ያን ቀን አባዬ ዋሽቷል፤ ይቅርታ» በለው። አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቁ ክብሩን አይቀንስም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም አባቶችን «ልጆቻችሁን አታስቆጡአቸው» ሲል ያዘዘው እኛኑ ነው። ከዚያ የእቶኑን ታሪክ ንገረው። የአንተ ሽሮ ያረረበትን ድስት ምሳሌ ብታደርገው አልቀየምህም፤ የ5 ዓመት ልጅ እሳትን በደንብ ይረዳል። ሹራቡን አንተ አታውርደው። ታሪኩን ሲጨርስ ራሱ ያወርደዋል። ዛሬ ካላወረደው ነገ ድገምለት።

ስለ ጸሎቱ፦ በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ አለን፤ የመኝታው ጸሎተ ንዋም አንዱ ነው። ውዳሴ ማርያሙን ማድረስ ቢያቅትህ በስመ አብ ብለህ፣ አባታችን ሆይን ከልጅህ ጋር በድምፅ በል። እጁን ይዘህ አማትበው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እንደ ያ ቀን ማታ እንቅልፍ ቢጥልህ እግዚአብሔር የደከመ አባት ምን እንደሚመስል ያውቃል። በየቀኑ የሚጥልህ ከሆነ ግን ስልኩን ቀድመህ አስቀምጠው፤ ይህን የምልህ ራሴንም አውቄ ነው።

ከደብዳቤህ አጻጻፍ ወጥ ቤት መግባቱም ያሳፈረህ መሰለኝ። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ፍም አያይዞ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ፣ ሌሊቱን ሲደክሙ ያደሩትን ደቀ መዛሙርት «ኑ፥ ምሳ ብሉ» ብሏቸዋል። ዮሐንስ ምዕራፍ 21 ላይ ነው። ፍሙ ፊት የቆመ ወንድ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራስ መኮንንም ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት በ1886 ሲያርፉ ልጃቸውን ተፈሪን፣ የኋላውን ዐፄ ኃይለ ሥላሴን፣ ይዘው ቀርተዋል፤ ልጁ 2 ዓመት አልሞላውም ነበር። እርግጥ ነው፣ ራስ መኮንን ቤት አሽከርና ሞግዚት ሞልቶ ነበር፤ ድስት የፈተጉም አይመስለኝም።

ጎረቤትህን ደግሞ ሄደህ አመስግናቸው። ትንሿን ይዘህ ሂድ።

ባለቤትህ ከተመለሰች በኋላ ሁሉንም ንገራት፤ የእንቁላሉንም፣ የሰይፉንም። ልጁ ቀድሞ ሳይነግራት ብትፈጥን ይሻልሃል። ሐምሌ 19 ላይ ደግሞ አራታችሁም አብራችሁ ቁልቢ ውጡ። የዚያን ቀን የሚነገረው የሕፃኑ ቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ ታሪክ ነው፤ ቂርቆስ 3 ዓመቱ ነበር፤ ልጅህ ከእሱ የሚበልጥ መሆኑን ሲሰማ ደስ ይለዋል። የድሬን ሙቀት አምናችሁ በስስ ልብስ እንዳትሄዱ። ከደንገጎ ሽቅብ ሲሉ ሐምሌ ዝናብና ብርድ ነው፤ ጋቢም፣ ዳይፐርም፣ የልጁንም ሹራብ ያዙ።