መልስ፦ የአደጋ ጊዜ ቦርሳዬ ምን ይጎድለዋል?

ወንድሜ፣ አዳማ ላይ መሬት ሲንቀጠቀጥ ይዤው የምወጣው ብለህ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ቆርቆሮ ምግብና የእጅ ባትሪ ዘርዝረሃል። ከሚጎድለው ይልቅ የበዛው ነው ችግሩ። ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ደረጃ ይዘኸው አትወርድም። እሱ ቤት ይቀመጥ፤ ቦርሳው ውስጥ በሰው 2 ሊትር የታሸገ ውሃ ይበቃል።

ውጭ ለምታገኘው ውሃ ትንሽ ጠርሙስ በረኪና ያዝ፤ ሽቶም ሳሙናም ያልገባበት፣ የክሎሪን መጠኑ 5 በመቶ ገደማ የሆነ። ለ1 ሊትር 2 ጠብታ ጨምረህ በጥብጥና 30 ደቂቃ ጠብቅ። ውሃው ከደፈረሰ በንጹህ ነጠላ አጥልለህ 4 ጠብታ አድርግ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ትንሽ እንኳ የክሎሪን ሽታ ከሌለው አንዴ ድገመው። በረኪና ሲቆይ ይደክማል፣ በአዳማ ሙቀት ደግሞ ቶሎ፤ በየ6 ወሩ ቀይረው። መኪና ውስጥማ እንዳትተወው።

ቆርቆሮውን በበሶ ተካው። በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ እሳት አይፈልግም። ቆሎም ጥሩ ነው፤ ጨው አታብዛበት፣ ውሃህን ይጨርስብሃል።

የባትሪ ድንጋዮቹን ከእጅ ባትሪው አውጥተህ ለብቻ በላስቲክ ጠቅልል፤ ውስጡ ከቆዩ ፈሰው ሽቦውን ይበሉታል። ኦአርኤስ (ተቅማጥ ሲይዝ በውሃ በጥብጠው የሚጠጡት የጨውና የስኳር ዱቄት) ጨምር፦ አንድ ከረጢት ለሙሉ 1 ሊትር፣ በግማሽ ሊትር ከበጠበጥከው ጨው ይበዛበታል። ፊሽካ፣ ፋሻ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ ዝርዝር ብር።

ጫማ ደግሞ አልጋው ስር ይሁን፤ ሌሊት የተሰበረ መስታወት ላይ በባዶ እግር እንዳትወጣ።