ሸክላው ማይክሮዌቭ ይችላል?

ጥያቄ፦ ኦቨን የለኝም። ያለኝ ማይክሮዌቭና ወፍራም የሸክላ መጋገሪያ ነው። ሳህን ደፍቼበት ዶሮ ባበስልበት ይሰነጠቅብኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሸክላውን ፈትኚው። ባዶውን፣ አጠገቡ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አድርገሽ 1 ደቂቃ አሙቂው። ውሃው ሞቆ ሸክላው ካልሞቀ ሥራሽን ቀጥይ፤ ሸክላው ራሱ ካቃጠለሽ ግን እርሺው። ወርቃማ ጠርዝ ካለውማ ጭራሽ አታስገቢው፣ ብልጭታ ይፈጥራል። ከፍሪጅ እንደወጣም አትክተቺው፤ ሸክላን የሚሰነጥቀው ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ነው። የደፋሽውን ሳህን ለእንፋሎቱ ትንሽ ገለጥ አድርጊ፣ ኃይሉን ወደ 50 በመቶ አውርጂና የማብሰያው ጊዜ ሲጋመስ ሥጋውን ገልብጪው፣ ማይክሮዌቭ አንዱን ጥግ አቃጥሎ ሌላውን ጥሬ መተው ይወዳላ! ሲያልቅ እንደተከደነ 5 ደቂቃ ይቆይ። ወፍራሙ ቦታ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን በቴርሞሜትር እዪ። ቡናማ ቆዳ ከፈለግሽ ግን መጥበሻ ላይ ጠበስ አድርጊው፣ ማይክሮዌቭ እሱን አይሰጥሽም።