መሳቢያ ውስጥ የቀረው ደብተር

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። በሜዲካል ላቦራቶሪ ተመርቃ፣ የመውጫ ፈተናዋንም አልፋ፣ ቆላ አገር አንድ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። «አጎቴ፣ ማስተርሴን ፐብሊክ ሄልዝ ልማር ወይስ ፓራሲቶሎጂ? የትኛው ገበያ አለው?» አለችኝ። ፓራሲቶሎጂ እንደ ወባ ያሉ ጥገኛ ተሕዋስያንን የሚያጠና ትምህርት ነው።

መልስ አጣሁ። «ነገ እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ይህንኑ ጥያቄ ከሃያ ዓመት በፊት እኔም ጠይቄዋለሁ። የተሰጠኝን መልስ ግን አልሰማሁም። ሌሊቱን እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

በ1995 ዓ.ም. ከአባያ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ከተማ፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ዙሪያው ሙዝና ማንጎ ነው። ሙቀቱ ሌሊትም አይለቅም። በዚያ ዓመት ማብቂያና በተከታዩ መግቢያ ወባ ብዙ አካባቢዎችን ያመሰበት ጊዜ ነበር። ጠዋት በር ስንከፍት ኮሪደሩ በሰው ተሞልቶ ይጠብቀናል። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚንቀጠቀጡ ጎልማሶች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። የደም ናሙና የምናቀልምበት የጊምሳ ቀለም ከጣቶቼ ላይ አይለቅም ነበር። እንጀራ ስቆርስ እንኳን ጣቴ ሐምራዊ ነው።

የላቦራቶሪ ኃላፊያችንን ጋሼ እንላቸው ነበር። የጎንደር ጤና ኮሌጅ ልጅ ነበሩ። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው ደንቢያን የወባ ወረርሽኝ ከፈጀው በኋላ ነው። ጋሼ ይህን ታሪክ ከጀመሩ ሻያችን ይቀዘቅዛል። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ንጽህና ባለሙያው ሳኒተሪያን አንድ ላይ ሆነው ቆላ ድባ እንዴት እንደሚወርዱ፣ ማታ በፋኖስ እንዴት ስላይድ፣ ደም የተቀባበትን መስታወት፣ እንደሚያዩ ይነግሩናል። ሲያወሩ እጃቸው ማይክሮስኮፕ የሚያስተካክል ይመስላል። እስካሁን ድረስ ፊቴ ላይ ነው።

ጋሼ አንድ ነገር አይወዱም። «ፖዘቲቭ ነው» ሲባሉ ይቆጣሉ። «ፖዘቲቭማ ማንም ይላል። ስንት ቆጠርክ?» ይላሉ። እናንተ የሙያው ልጆች ታውቁታላችሁ። 200 ነጭ የደም ሕዋስ እስኪሞላ የወባውን ጥገኛ ተሕዋስ ትቆጥራላችሁ፣ በ40 ታባዛላችሁ፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ያለው ይወጣል። መቶ ሰው ተሰልፎ እያለ ይህን መሥራት ያደክማል። እሳቸው ግን አይሰሙም።

ስቆጥር ስቆጥር አንድ ነገር አየሁ። በዚያ ጊዜ የፋልሲፓረም፣ የገዳዩ የወባ ዓይነት፣ መድኃኒት ፋንሲዳር ነበር። ክሎሮኪን አልሠራ ብሎ በፋንሲዳር ተተክቶ ነበር። አዋቂ ሰው ሦስት ፍሬ በአንዴ ውጦ ይሄዳል። የሚሄዱት ግን ይመለሱ ጀመር። አንድ ሙዝ ጫኝ ወጣት ነበር። በሳምንቱ መጣ፣ ደሙ አልጠራም። በሁለተኛው ሳምንት መጣ፣ ቁጥሩ ጭራሽ ጨምሯል። በሦስተኛው ጊዜ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ውሃ ነው እንዴ?» አለኝ። ዶክተር አልነበርኩም። የምመልስለትም አልነበረኝም።

ያን ዕለት ማታ ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር ገዛሁ። ቀን፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የጥገኛው ብዛት፣ የወሰደው መድኃኒት፣ የተመለሰበት ቀን። በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ። በአምስት ወር ውስጥ 61 ሰው ጻፍኩ። ጋሼ አንድ ቀን ደብተሩን ከእጄ ወስደው ቆመው አነበቡት። ምንም አላሉም። በማግስቱ አዲስ ማስመሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኝ አገኘሁ።

በዚያው ዓመት ሁለት ዕድል መጣልኝ። አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ፋኩልቲ የፓራሲቶሎጂ ማስተርስ ነው። ሌላው ፐብሊክ ሄልዝ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። ሁሉም ፐብሊክ ሄልዝ አሉ። የኤች አይ ቪ ፕሮጀክት ገንዘብ መምጣት የጀመረበት ጊዜ ነበር። አብሮኝ የተማረ ልጅ ኤንጂኦ ገብቶ የእኔን አራት እጥፍ ያገኛል። አባቴ ሞቷል፣ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ናቸው።

በመጨረሻ ጋሼን ጠየቅኋቸው። የትምህርት ክፍል ስም አልጠሩም። መሳቢያዬን ሳቡና ሰማያዊውን ደብተር አውጥተው ፊቴ አስቀመጡት። «ይሄን የት ይዘኸው ልትሄድ ነው?» አሉኝ።

ተናደድኩ። ደመወዝ ጠይቄያቸው ስለ ደብተር የሚያወሩኝ መሰለኝ። ሄድኩ። ፐብሊክ ሄልዝ ልማር፣ ደብተሩን መሳቢያው ውስጥ ትቼው ነው የሄድኩት።

ከወራት በኋላ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ አስተማሪያችን ስለ ፋንሲዳር መክሸፍ አስተማረን። በልዩ ልዩ የአገሪቱ ቦታዎች በሽተኞችን ተከታትለው አጥንተዋል። እኔ ብቻዬን እንደሠራሁት፣ እነሱ ግን በሥርዓቱ። በ1996 ዓ.ም. ፋንሲዳር ቀርቶ ኮአርተም ተተካ። ቦርዱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ሳይ ሙዝ ጫኙ ልጅ ትዝ አለኝ። ወጥቼ ሆስፒታሉ ደወልኩ። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። ክፍሉ ታድሶ አሮጌው ጠረጴዛ ተወግዷል። ጋሼን ዳግም ሳላገኛቸው ሞቱ።

የእኔ ደብተር አገር ይለውጥ ነበር አልልም። ሥራው በሰዎች ተሠርቷል፣ እሰየው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ጥያቄ በእጄ ነበር። ከበሽተኛ አፍ የሰማሁት፣ በዓይኔ የቆጠርኩት ጥያቄ። እሱን ትቼ የትምህርት ክፍል ስም መረጥኩ።

ፐብሊክ ሄልዝን እየነቀፍኩ እንዳይመስላችሁ። ከጥር 1997 ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር እኔም በሥራው ውስጥ ነበርኩ። በቃሬዛ የመጣች ሴት በሦስት ወሯ በእግሯ ስትመጣ አይቻለሁ። ወንድሞቼም የተመረቁት በዚያ ደመወዝ ነው። ይህንን በምንም አልለውጠውም። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ግን ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ አበል ሆኑብኝ። ወደ ማይክሮስኮፕ ልመለስ ስል ዓይኔም እጄም እንደ ድሮው አልሆነም።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ተመርቃችሁ ዓመት ሳይሞላ ማስተርስ፣ ማስተርሱ ሳያልቅ ሌላ ማስተርስ። ቴሌግራም ላይ የሰርተፍኬት ፎቶ ስትደረድሩ አያለሁ። አንድ በሽተኛ ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ልብ ያላችሁ ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ? ደግሞ ይህን ብዬ ራሴን እገሥጻለሁ። እኔ እንደተመረቅሁ ሥራ ተመድቦልኛል። እናንተ ዲግሪ ይዛችሁ ሥራ ፈላጊ ናችሁ፣ ያገኛችሁትም ደመወዛችሁ የቤት ኪራይ አይችልም። መቸኮላችሁ ይገባኛል።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሥሩ እላለሁ። የፋርማሲ ልጅ መስኮቱ ላይ ቁሙ። ነርስ ዋርድ ክረሙ። የባዮሎጂ ምሩቅም ብትሆኑ ወንዙም እርሻውም ደጃችሁ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ የእንዶድን ነገር ያገኙት አድዋ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው። ጥያቄው ቀድሞ ከመጣላችሁ ግን ሁለት ዓመት አትጠብቁ። እኔ ዛሬ ነገ ስል ነው ያመለጠኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የላቦራቶሪ ማስተርስ ከመመዝገባችሁ በፊት በአካል ሂዱ። አማካሪ የሚሆናችሁን ሰው አነጋግሩ። ሪኤጀንት፣ የምርመራው ኬሚካል፣ ከየት ይመጣል በሉ። ያለፉትን ተማሪዎች በስንት ዓመት ጨረሳችሁ ብላችሁ ጠይቁ። አንድ የምርመራ ኪት እስኪመጣ ዓመት የጠበቀ ልጅ አውቃለሁ። አለርት ሆስፒታል ግቢ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ገብቶ መሥራት የቻለ ሌላ ልጅ ደግሞ በጊዜው ጨርሶ ወጣ። መሥሪያ ቤት ስፖንሰር ካደረጋችሁ የግዴታ አገልግሎቱን ውል ሳታነቡ አትፈርሙ።

በማግስቱ ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት። የትኛውን ምረጪ አላልኳትም። «ጤና ጣቢያው ከገባሽ ወዲህ ግራ ያጋባሽ ነገር አለ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ አንድ ትኩሳት ያለበት ልጅ ነገረችኝ። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ፣ ራፒድ ቴስቱ፣ ኔጌቲቭ አለ። እሷ ልጁን ስታየው አላመነችም፣ ስላይድ ሠራች። ፋልሲፓረም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሦስት አግኝቻለሁ አለችኝ።

ነገሩን አውቀዋለሁ። ራፒድ ቴስቱ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያወጣ ፋልሲፓረም አገራችን ውስጥ ተገኝቷል። እሷ ግን ይህን አላነበበችም። ያየችው በራሷ ዓይን ነው።

«በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ» አለችና ላከችልኝ። መነጽሬን አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ቀለበት የሚመስሉት የወባ ጥገኛዎች ነጭ ሕዋሱ ዙሪያ ተበትነዋል። ጥግ ላይ እንደ ሙዝ የጎበጠች አንዲት ጋሜቶሳይት፣ ወደ ትንኝ የምትተላለፈው የጥገኛው ደረጃ፣ አለች።

«ስንት ቆጠርሽ?» አልኳት።

«አልቆጠርኩም አጎቴ።»

«ስላይዱ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ቁጠሪውና ደውይልኝ። ስትወጪ ደብተር ግዢ።»