ስለ ፔድሮ ፓኤዝ የጠየቃችሁኝ

ስለ ዐፄ ሱስንዮስ ከጻፍኩ ወዲህ አብዛኛው ጥያቄ የሚያተኩረው ስፔናዊው የጀስዊት (የካቶሊክ ማኅበር) ካህን ፔድሮ ፓኤዝ (1564–1622) ላይ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ትቻቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ ሰውየው በየት በኩል መጣ?»

በባርነት በኩል። በ1589 ሕንድ ውስጥ ካለችው ጎዋ ወደ ኢትዮጵያ ተነሥቶ ሲጓዝ ባሕር ላይ ተማረከ፤ በደቡብ ዐረቢያ በሐድራሞት በረሃ ተነዳ፣ በቱርኮች መርከብ ቀዘፈ። ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ ተዋጀ። ከደረሰበት ግን አልተማረም፤ በ1603 የአርመን ነጋዴ መስሎ በምጽዋ ገባ። ቡናን ቀድመው ከገለጹ አውሮፓውያን አንዱ ነው ይባላል። ያያት ግን እኛ ዘንድ ሳይሆን እስረኛ ሆኖ በዐረብ ምድር ነው።

«የዓባይን ምንጭ አገኘ የሚሉት እውነት ነው?»

ማየቱን አይቷል፤ ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ከሱስንዮስ ጋር ጎጃም ውስጥ ሰከላ ሄዶ። ማግኘት ከተባለ ግን በዚያ የሚኖሩት አገዎች ምን ሊባሉ ነው? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ደርሶ «ቀዳሚው እኔ ነኝ» ሲል የተከራከረው ከሌላ እንግዳ ጋር ነው።

«የጻፈው ታሪክ ነው ወይስ ስብከት?»

መነሻው ሙግት ነው። ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ የዶሚኒካን መነኩሴ አገራችንን ሳይረግጥ ቫሌንሲያ ተቀምጦ በ1610 ተአምር የበዛበት «የኢትዮጵያ ታሪክ» አሳተመ። ፓኤዝ ለኡሬታ መልስ እንዲሰጥ ታዘዘ። እሱ ደግሞ ለማስተባበል ሲል መረጃ ፍለጋ ገባ፦ ቀድሞ በተማረው አማርኛና ግእዝ ብራና አስፈልጎ አነበበ። ከክብረ ነገሥት የወሰደውን፣ የነገሥታቱን ዝርዝር፣ ገድለ ተክለ ሃይማኖትን፣ የዐፄ ገላውዴዎስን የሃይማኖት መግለጫ ወደ ፖርቱጋልኛ መልሶ አስገባ። እኔ እንደማነበው፣ በዓይኑ ያየውን ሲተርክ እተማመንበታለሁ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ሲናገር ተሟጋች መሆኑን አልረሳም። መጽሐፉ ሮም ላይ የታተመው በ1905 እና 1906 ነው። እስከዚያ ድረስ ሌሎች፣ በተለይ ፖርቱጋላዊው ጀስዊት ማኑኤል ደ አልሜይዳ፣ ከእጅ ጽሑፉ እየቀዱ ጻፉ።

«የጎርጎራው ማርያም ግንብስ የሱ ነው?»

ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ለንጉሡ ለሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ሠርቷል። የምትሉት ፍርስራሽ ግን ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው።

«በካቶሊክ እምነት ሰበብ የፈሰሰውን ደም ያመጣው ሜንዴዝ ነው፤ ፓኤዝ ምን አደረገ?»

ይህን ሰዎች ይወዱታል፤ ደጉ ፓኤዝ፣ ክፉው ሜንዴዝ። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 መጥቶ ምእመኑ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህኑ እንደገና ይሾም ማለቱ እሳቱን አባባሰው። ፓኤዝ በእርግጥ ትዕግሥተኛ ነበር፤ ከሱስንዮስ በፊት የነገሡትን ዐፄ ዘድንግልን የካቶሊክ እምነትን ለማወጅ «አይቸኩሉ» ብሎ መክሯል። ሆኖም ዘድንግል በ1604 ሲገደሉ፣ በ1617 ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ጳጳስ አቡነ ስምዖን በጦር ሜዳ ሲወድቁ ፓኤዝ እዚሁ አገር ነበር፤ ሜንዴዝ ገና አልመጣም።